ለንስሩም ለተርባይኑም የሚነፍሰው ነፋስ

ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ በፍጥነት መንገዱ የወረደ ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል። ከተማዋ ከመድረሱ በፊት ጋራው ላይ ተሰልፈው ይታያሉ። ነጫጭ፣ ረጃጅም፣ ቀስ ብለው የሚዞሩ የነፋስ ተርባይኖች። ልጆች ይዞ የሚጓዝ ሰው መኪናው ውስጥ የሚሰማው ጩኸት አንድ ነው፤ «ያውና! ያውና!»።

እኔም እወዳቸዋለሁ። መብራት በፈረቃ የነበረበትን ጊዜ የሚያስታውስ ሰው ለምን እንደሆነ አይጠይቀኝም። አብዛኛው መብራታችን ከግድብ ነው የሚመጣው። ግድብ ደግሞ በበጋ ይጎድላል። ነፋሱ የሚበረታው ግን በዚያው በበጋ ነው። ውሃው ሲቀንስ ነፋሱ ይደርሳል። ለእንደኛ ዓይነት አገር ይህ ትልቅ ጸጋ ነው።

አዳማ አንድ የተባለው የነፋስ ኃይል ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ2012 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በ34 ተርባይኖች ጀመረ። በ2015 አዳማ ሁለት 102 ጨመረበት። 136 ተርባይን፣ 204 ሜጋ ዋት ማለት ነው። በመሃል በ2013 መቀሌ አጠገብ አሸጎዳ በ84 ተርባይኖች 120 ሜጋ ዋት ይዞ ተመረቀ። ከዚያ ሶማሌ ክልል ውስጥ አይሻ፣ አርሲ ውስጥ ደግሞ ኢተያ አካባቢ የተተከሉት 29 ግዙፍ ተርባይኖች ተከተሉ። ገና ብዙ ይመጣሉ። ይምጡም።

ግን ሌላም የምወደው ነገር አለ። አሞራ እወዳለሁ። ንስር፣ ጭልፊት፣ ጥንብ አንሳ፣ ሰማይ ላይ ክንፉን ዘርግቶ የሚያንዣብብ ሁሉ። ይህን ስል «መብራት የሌለው ሕዝብ ይዘን ስለ አሞራ እናውራ እንዴ?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። አዎ፣ እናውራ። ምክንያቱም ሁለቱን ማስታረቅ ይቻላል። ዋጋውም ብዙ ሰው እንደሚያስበው ውድ አይደለም። የሚያስፈልገው ቀና ብሎ የሚያይ ሰው ነው።

መጀመሪያ ግጭቱ ከየት እንደሚመጣ ልንገራችሁ።

ትላልቅ አሞራዎች ክንፋቸውን እያርገበገቡ ሩቅ አይሄዱም። ሰውነታቸው ከባድ ነው፤ ያደክማቸዋል። ስለዚህ አየሩን ይጋልቡታል። ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው ሙቅ አየር ሽቅብ ይወጣል። አሞራው እሱ ውስጥ ይገባና እየተሽከረከረ ከፍ ይላል። ከላይ ደርሶ ወደሚቀጥለው ሙቅ አየር ቁልቁል ይንሸራተታል። ሌላው መንገድ ጋራ ነው። ነፋስ ሸንተረሩን ሲመታ መሄጃ ሲያጣ ወደ ላይ ይታጠፋል። አሞራውም ያንን እየተደገፈ የጋራውን ጫፍ ጫፍ ይዞ ይሄዳል።

መሐንዲሱስ ተርባይኑን የት ነው የሚተክለው? እዚያው ሸንተረር ላይ። ነፋሱ የሚጠነክረው እዚያ ነዋ። መሐንዲሱ ምሰሶውን ያቆመበት ቦታ አሞራው በስንት ሺህ ዓመት የለመደው መንገድ ነው።

አዳማ ጋራ ላይ ረፋዱ ላይ በባይኖኩላር ስታዩት ነገሩ ግልጽ ይሆናል። ጠዋት ሰማዩ ባዶ ነው። አራት ሰዓት ገደማ መሬቱ ሲሞቅ ከገደሉ ስር አንድ ጥቁር ነጠብጣብ ይነሳል። ዞር፣ ዞር፣ ዞር ይላል። ክንፉ አንዴም አይርገበገብም። ጫፉ ላይ ያሉት ላባዎች ብቻ እንደ ጣት ተዘርግተው ነፋሱን ይዳስሳሉ። ከተርባይኑ መሃል ጋር እኩል ሲደርስ ትንፋሼን እይዛለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ያልፋል። ክንፉን ትንሽ ጋደል ያደርግና በሁለቱ ምሰሶዎች መካከል ሹልክ ይላል። «ተርባይን አጠገብ የደረሰ ወፍ አይተርፍም» የሚል ወሬ ሐሰት ነው። አብዛኞቹ ወፎች አብዛኛውን ጊዜ ያልፋሉ። ዋኔና ቆቅማ ከምሰሶው ስር እህል እየለቀሙ ነው የሚውሉት፤ ምንም አልመሰላቸውም። ችግሩ ያለው ከማያልፉት ጥቂቶች ማንነት ላይ ነው። ወደዚያ እመጣለሁ።

ከሩቅ ስታዩት ተርባይኑ ዘገምተኛ ይመስላል። የአዳማ አንዶቹን እንውሰድ። ሦስቱ ክንፎች የሚሠሩት ክብ ከዳር እስከ ዳር 77 ሜትር ነው። በሙሉ ፍጥነቱ በደቂቃ 17 ጊዜ ገደማ ይዞራል። አስሉት። የክንፉ ጫፍ በሰዓት 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበራል ማለት ነው። ለወፍ ዓይን ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ቬንትሌተር በፍጥነት ሲዞር ክንፉ እንደሚጠፋብን ሁሉ፣ የተርባይኑም ጫፍ ቀርቦ ለሚያይ ወፍ ይደበዝዛል። ባዶ አየር ይመስላል።

«ንስር እኮ ዓይኑ ሹል ነው፣ እንዴት አያይም?» የምትሉ ትኖራላችሁ። እኔንም ያስገረመኝ ይህ ነው። እንግሊዝ አገር ተመራማሪዎች የጥንብ አንሳን ዓይን መርምረው በ2012 ውጤቱን አሳተሙ። ከጭንቅላቱ በላይ ሰፊ የማያየው ቦታ አለው። ምግብ ሲፈልግ አንገቱን ቁልቁል ደፍቶ መሬቱን ይቃኛል። አንገቱን ሲደፋ ያ የማያየው ቦታ ልክ ወደሚሄድበት አቅጣጫ ይዞራል። ከፊቱ ያለው አይታየውም። ፊቱን ማየት ለምን ያስፈልገው ነበር? ሰማይ ላይ ከፊቱ የሚቆም ነገር ኖሮ አያውቅም።

አሁን ወደ አገራችን ጂኦግራፊ ልመለስ፤ ጉዳዩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነውና።

ከአውሮፓና ከእስያ የአገራቸውን ብርድ ሸሽተው ወደ አፍሪካ የሚወርዱ ትላልቅ ወፎች ባሕር ይፈራሉ። ባሕር ላይ ሽቅብ የሚያወጣ ሙቅ አየር የለም። ስለዚህ ባሕሩ የሚጠብበትን ቦታ ይፈልጋሉ። አንዱ ስዊዝ ነው። ሌላው በጅቡቲና በየመን መካከል ያለው ባብ ኤል መንደብ ነው። ይህ የስምጥ ሸለቆና የቀይ ባሕር መንገድ በዓለም ላይ ካሉት የትላልቅ አንዣባቢ ወፎች መንገዶች ሁለተኛው ነው። ከአሜሪካው ቀጥሎ ማለት ነው። በየዓመቱ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ወፎች፣ 37 ዓይነት ዝርያዎች ያልፉበታል። በ1987 መከር ወራት ጅቡቲ ዳርቻ ላይ ቆመው የቆጠሩ ሰዎች ከ240 ሺህ በላይ አዳኝ ወፎች ባብ ኤል መንደብን ሲሻገሩ መዝግበዋል። ከእነሱ ውስጥ ከ70 ሺህ በላይ የሚሆኑት ከመካከለኛው እስያ ሜዳዎች የሚመጡ ንስሮች ነበሩ።

ተሻግረው ወዴት ይሄዳሉ? ወደኛ። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ከጅቡቲ ተነስተው ኢትዮጵያ ይገባሉ። ሲመለሱ ግን ብዙዎቹ በመጡበት አይሄዱም፤ ወደ ሰሜን ወጥተው በስዊዝ በኩል ዞረው ነው አገራቸው የሚገቡት። እኛ የመንገዳቸው በር ላይ ነን።

አይሻ ደግሞ የት ነው? ከጅቡቲ ድንበር አጠገብ። ካርታ ከፍቼ ባብ ኤል መንደብንና አይሻን በጣቴ ሳገናኛቸው ልቤ ነው የራደው። ከአዳማ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ አይሻ ነው።

እዚህ ላይ ሁሌ የሚነሳውን ክርክር ላንሳ፤ እውነት ያለበት ክርክር ነው። አሜሪካ ውስጥ የተሠሩ ግምቶች እንዲህ ይላሉ። የነፋስ ተርባይን በዓመት ከ140 ሺህ እስከ 328 ሺህ ወፍ ይገድላል። የሕንፃ መስታወት ከ365 ሚሊዮን እስከ 988 ሚሊዮን። ድመት ደግሞ ከ1.3 እስከ 4 ቢሊዮን። ስለዚህ «ተርባይኑን ተውት፣ ድመታችሁን እሰሩ» ይባላል።

ቁጥሩ ልክ ነው። ግን ድመት ንስር ገድላ ታውቃለች? ድመት የምትበላው ትንንሾቹን ነው። ትንሽ ወፍ በዓመት ብዙ እንቁላል ይጥላል፤ ዘሩ ቶሎ ይተካል። ተርባይን ላይ ከቁጥራቸው ጋር ሲነጻጸር በብዛት የሚወድቁት ግን አንዣባቢዎቹ ናቸው። ገደል ላይ ጎጆውን የሚሠራውን፣ ሩፔል የሚባለውን የእኛን ጥንብ አንሳ ውሰዱ። በዓመት የሚጥለው አንድ እንቁላል ነው። አንድ! እንቁላሉ ከተጣለ ጀምሮ ጫጩቱ እስኪበር ከግማሽ ዓመት በላይ ይፈጃል። ራሱ ለመዋለድ የሚደርሰው አምስት ዓመት ገደማ ሲሞላው ነው። ስለዚህ አንድ ጎልማሳ ሲሞት የሚጠፋው የብዙ ዓመት ልፋት ነው። ይህ ዝርያ በ2015 ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ ገብቷል። የሚሊዮን ድንቢጥ ሞትና የመቶ ጥንብ አንሳ ሞት በአንድ ሚዛን አይለካም።

ጥንብ አንሳ ደግሞ ለኛ ምን እንደሚሠራልን እናውቃለን። ቄራ አካባቢ ያደገ ሰው ይመስክር። ያለ ደመወዝ የሚሠራ ጽዳት ነው። እሱ ሲጠፋ ሬሳው አይጠፋም፤ ለውሻ ይተርፋል። ሕንድ ይህን በከባድ ዋጋ ነው የተማረችው። በ1990ዎቹ ከብት የሚታከምበት ዳይክሎፌናክ የተባለ መድኃኒት ጥንብ አንሳዎቿን ፈጀ። ከአንዳንዶቹ ዝርያዎች ከ95 በመቶ በላይ አለቁ። ውሻ በዛ። ኢኮኖሚስቶች ከ2000 እስከ 2005 ባሉት ዓመታት ብቻ ግማሽ ሚሊዮን ገደማ የሰው ሞት ከዚህ ጋር አያይዘውታል። እኛም ጋ በየከተማው ቄራ አሞራው እየሳሳ ውሻው እየበዛ ነው። ለዚያ ተጠያቂው ተርባይን አይደለም፤ መርዝ ነው ዋናው። ለውሻና ለጅብ የሚቀመጥ መርዝ አሞራውን ይዞት ይሄዳል። ግን እንዲህ የተዳከመ ዘር ላይ ሌላ ሞት መጨመር አይገባም። የምለው ይህን ነው።

ኅዳር ላይ ጤፉ ታጭዶ በተከመረበት ሰሞን ከተርባይኖቹ ስር ከብት ሲጠብቁ ያገኘኋቸውን አንድ አዛውንት ጠይቄያቸው ነበር።

«አባባ፣ ከዚህ ስር ወፍ ሞቶ አይተው ያውቃሉ?»

«አንዳንዴ» አሉኝ። «አንዴ ትልቅ አሞራ፣ ክንፉ ተቆርጦ። ብዙ ግን አላየሁም።»

«ብዙ አይሞትም ማለት ነው?»

ሳቅ አሉ። «ልጄ፣ ማታ የወደቀ ጠዋት መች ይገኛል? ጅቡ ያሳድረዋል?»

የሳቸው መልስ ሳይንሱ የሚለው ነው። በዚህ ሙያ የተሰማሩ ሰዎች ሬሳ ሲቆጥሩ መጀመሪያ የሚያደርጉት ፈተና አለ። የሞተ ዶሮ ወይም ሌላ ወፍ ሆን ብለው ከምሰሶው ስር ያስቀምጣሉ። በየቀኑ እየተመለሱ ያያሉ። በስንት ቀን ጠፋ? ጅብ፣ ቀበሮ፣ ውሻ፣ ቁራ በስንት ሰዓት ደረሰበት? ከዚያ ፈላጊዎቹን ራሳቸውን ይፈትናሉ። ካስቀመጡት አሥር ውስጥ ስንቱን አገኙ? ሣሩ ረጅም ሲሆንስ? በዚህ ስሌት ነው የተገኘው ሬሳ ወደ እውነተኛው ቁጥር የሚቀየረው። ጅብ በየሌሊቱ በሚዞርበት አገር «ሬሳ አላየንም» ማለት ምንም ማለት አይደለም።

ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንደተመረተ በየዓመቱ በዜና ይነገረናል። ስንት ወፍ እንደወደቀ ሲነገር ሰምቼ አላውቅም። ይህ ያናድደኛል። ቁጥሩ ትንሽ ከሆነ ደስ ብሎን እንቀመጣለን። ትልቅ ከሆነ መላ እንፈልጋለን። ሁለቱም ካለመቁጠር ይሻላሉ።

መላው ደግሞ አለ። ሌላው አገር ተፈትኖ የተገኘ ነው።

የመጀመሪያው ትምህርት የመጣው ከካሊፎርኒያ ነው። አልታሞንት በሚባል ቦታ በ1980ዎቹ በሺዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ ተርባይኖች ንስር በሚያድንበት ኮረብታ ላይ ተተከሉ። በየዓመቱ ወርቃማ ንስሮች በደርዘን ሞቱ። ስህተቱ ቦታው ነበር። ቦታ አንዴ ከተመረጠ በኋላ የሚደረገው ሁሉ ጥገና ነው።

ኖርዌይ ውስጥ ስሞላ በምትባል ደሴት ከሦስቱ ክንፎች አንዱን ጥቁር ቀለም ቀቡት። ጥቁሩ ክንፍ ከነጮቹ ጋር ሲዞር ለወፉ ዓይን አይደበዝዝም። የተቀቡት ተርባይኖች አራት ብቻ ነበሩ፤ ስለዚህ ትንሽ ሙከራ ነው። ነገር ግን ሞቱ ከ70 በመቶ በላይ ቀነሰ። ቀለም ብቻ! ገና ያልተተከለ ተርባይን ላይ ክንፉ መሬት እያለ መቀባት ምን ያህል ይከብዳል?

ስፔን፣ ታሪፋ ላይ ሌላ ነገር ሞከሩ። ሰው መድበው ሰማዩን አስጠበቁ። ጥንብ አንሳ ወደ ተርባይን ሲቀርብ ጠባቂው ስልክ ይደውላል፤ ያቺ አንዷ ተርባይን ትቆማለች። ወፉ ሲያልፍ ትነሳለች። ሞቱ በግማሽ ቀነሰ። የጠፋው ኃይል ስንት ነበር? ከዓመቱ ምርት 0.07 በመቶ። ይህን ቁጥር ደጋግሜ ነው ያነበብኩት። ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም።

«እሱ አውሮፓ ነው» እንዳትሉኝ። ግብፅ ጀበል ኤል ዘይት ላይ ይህንኑ ታደርጋለች። ያው እኛ ጋ የከረሙት ወፎች ወደ አገራቸው ሲመለሱ የሚያልፉበት ነው። ወጣት ግብፃውያን በቴሌስኮፕና በራዳር ሰማዩን ይጠብቃሉ፤ መንጋ ሲመጣ ተርባይን ያስቆማሉ።

ኬንያ ደግሞ ይበልጥ ትቀርበናለች። ካጂያዶ ውስጥ ኪፔቶ የሚባል ማመንጫ አለ። 60 ተርባይን፣ 100 ሜጋ ዋት። አካባቢው የጥንብ አንሳ መኖሪያ ነው፤ ያው የእኛው ዝርያዎች። እዚያ የአካባቢው ማሳይ ወጣቶች ሠልጥነው ተቀጠሩ። ሥራቸው ቀና ብሎ ማየት ነው። ንስሩን ከጭልፊቱ፣ አንዱን ጥንብ አንሳ ከሌላው ከሩቅ ይለያሉ። አደጋ ሲያዩ ያስቆማሉ። ከተርባይኖቹ አጠገብ ከብት ሲሞት ደግሞ ቶሎ ያነሱታል፤ አሞራ እንዳይጠራ። ይህቺ ሁለተኛዋ ሥራ ቀላል ትመስላለች እንጂ ብልህ ናት። አዳማ ጋራም ላይ ሆነ ኢተያ፣ ከብት በማሳው ይሞታል፣ ገደል ይገባል። ማንሳቱ አንድ ጋሪና ሁለት ሰው ነው የሚፈልገው።

ስለ ሽቦውም አንድ ነገር ልበል፤ ሁሉ ሰው ተርባይኑን ሲያይ ሽቦው ይረሳል። የተመረተው ኃይል በምሰሶና በሽቦ ነው የሚሄደው። ሰው ብዙም ያላስተዋለው ገዳይ ያ ነው። ፖርት ሱዳን አጠገብ በ1950ዎቹ የተዘረጋ አንድ የኤሌክትሪክ መስመር ነበር። ምሰሶው ላይ የሚያርፉ ነጫጭ ጥንብ አንሳዎችን ለአሥርት ዓመታት በኮረንቲ ሲገድል ኖሮ በ2014 ነው የተቋረጠው። እነዚህ ነጫጮቹ ፊታቸው ቢጫ፣ ከሌሎቹ አነስ ያሉ ናቸው። ባልካን ላይ የቀሩት ከመቶ ጥንድ በታች ናቸው። የአገራቸውን የብርድ ወራት፣ ማለትም የኛን በጋ፣ ብዙዎቹ የሚያሳልፉት የት መሰላችሁ? አፋር። ተመራማሪዎች አፋርና አካባቢው ውስጥ በአንድ በጋ ከሺህ በላይ ነጫጭ ጥንብ አንሳ ቆጥረዋል፤ ከአውሮፓም ከሌላም አገር የመጡ። ዛፍ በሌለበት ሜዳ የሚያድሩት በረድፍ በረድፍ የኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ ነው። ትልልቆቹ ማማዎች ሽቦዎቻቸው ስለሚራራቁ ብዙም አይጎዱም። የሚገድሉት አጫጭሮቹ ናቸው። ወፉ ክንፉን ሲዘረጋ ሁለት ሽቦ፣ ወይም ሽቦና ብረት ከነካ አለቀ። መፍትሔው ሽቦውን ምሰሶው አጠገብ በጎማ ወይም በፕላስቲክ መሸፈን ነው። ለአዲስ መስመር ይህ ገና ዲዛይን ላይ የሚታሰብ ነገር ነው። ለደንበኛውም ይጠቅማል፤ አሞራ ሽቦ ላይ ሲቃጠል የሰፈሩም መብራት ይሄዳል።

የማመንጫዎቹን አስተዳዳሪዎች ባገኛቸው የምጠይቃቸውን አውቃለሁ። አይሻ ላይ ከመስከረም እስከ ኅዳር በየቀኑ ሰማይ የሚያዩ ሰዎች ይቀጠሩ። የሶማሌ አርብቶ አደር ልጅ ግመል በስንት ኪሎ ሜትር ርቀት የሚለይ ዓይን አለው፤ ንስር መለየት አያቅተውም። ተርባይን የማስቆም ሥልጣን ይሰጣቸው፤ አለቃ አስፈቅዶ እስኪመለስ ወፉ አይጠብቅም። ሬሳ በደንብ ይቆጠር፤ የጅቡም ድርሻ ይታሰብ። ውጤቱ ለሕዝብ ይውጣ። የአዲስ ቦታ ጥናት ሲሠራ ደግሞ ነፋስ ለኪው አንድ ዓመት ሙሉ እንደሚቆመው ሁሉ ወፍ ቆጣሪውም አንድ ዓመት ይቁም። በአንድ ሳምንት ጉብኝት የተጻፈ የአካባቢ ተጽዕኖ ሰነድ የጥቅምትን ሰማይ አያውቀውም።

እስከዚያው እናንተም የምትችሉት አለ። በማመንጫዎቹ የምትሠሩ፣ እዚያ አካባቢ የምታርሱ፣ የምታልፉ ትኖራላችሁ። ከምሰሶ ወይም ከሽቦ ስር የወደቀ ትልቅ ወፍ ካያችሁ ጅቡ ሳይቀድማችሁ ፎቶ አንሱት። ክንፉን ዘርግታችሁ ከላይም ከታችም አንሱ፤ በባዶ እጅ ግን አትንኩት። ቀኑንና የተርባይኑን ቁጥር ጻፉ፤ ቁጥሩ ምሰሶው ላይ ተጽፏል። እግሩን እዩት። የብረት ወይም የፕላስቲክ ቀለበት ካለበት ቁጥሩንና ፊደሉን አንብባችሁ መዝግቡ፤ ጀርባው ላይ ትንሽ መሣሪያ ታስሮ ከሆነም እንዲሁ። ያ ወፍ ቡልጋሪያ ወይም ካዛክስታን ውስጥ ገና ጫጩት ሳለ ያሰረለት ሰው አለ፤ የት እንደደረሰም እየጠበቀ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ እንስሳት (ዞኦሎጂ) ክፍል ወይም ቅርባችሁ ወዳለ የዱር እንስሳት ጥበቃ ቢሮ አድርሱት።